ዳንቴል የለበሰችው መብራት

ሰኞ

እሺ አሉኝ! ኧረ ግማሽ እሺ ናት፣ ብትሆንም ትሁን። ጋሽ ታደለ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ አላቸው። የነደፍኳትን መብራት እንዲያመርቷት ስለምናቸው ነው የከረምኩት። ሶኬት ላይ ተሰክታ ትቀመጣለች፤ መብራት ሲሄድ ራሷ ትበራለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬ ናሙናዋን አገላብጠው አዩና ሰው ቤት ገብታ ትታይ አሉ። ካልሆነች ከውጭ የመጣውን ዝግጁ ቅርጽ ያመርታሉ፣ የእኔ ቀረ ማለት ነው። ሐሙስ ይወስናሉ። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ሞልድ አንዴ ከተቆረጠ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። 

ማክሰኞ

ናሙናዋን ጊዮርጊስ አጠገብ ለሚኖሩት ለእናቴ ጓደኛ፣ ለእትዬ ብርቄ ሰጠሁ። ሰፈራቸው መብራት በየቀኑ ይሄዳል። ለእኔ የምሥራች ነው፣ ይቅር ይበለኝ። እንዴት ታምራለች ብለው ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጧት።

ማታ ደወልኩ። መብራት ሄዶ ነበር? አዎ። በራች? እንጃ፣ እኛ ሻማ ነው ያበራነው አሉኝ። ሽቦው ይሆን? ባትሪው? ወይስ የእኔ ብየዳ?

ረቡዕ

በጠዋት ሄድኩ። መብራቴ እስከ ታች የሚደርስ ወፍራም ነጭ ዳንቴል ለብሳለች። ከሶኬቱ ብነቅላት በራች፤ ማታም በርታ ነበር ለካ፣ ከዳንቴሉ ውስጥ ሆና! አቧራ እንዳይነካት ብለው ነው። እኔም ራዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም ዳንቴል የለበሰበት ቤት ነው ያደግኩት። እንዴት አላሰብኩትም? ምን ዓይነት ፋራ ነኝ!

ጋሽ ታደለ ጋ በረርኩ። ካርቶኑ ላይ «አትሸፍኑ» ብለን እንጻፍበት አልኳቸው። ሳቁብኝ። «የወደዱትን ዕቃ አትሸፍኑ ብለሽ ማንን ልታሳምኚ ነው?»

እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ትገልበጥ አልኩ፤ እንደ ትንሽ መደርደሪያ ግድግዳ ላይ ትሰቀል፣ ከላይ ዳንቴል፣ ከታች ብርሃን።  ጋሽ ታደለ አሮጌ የፕላስቲክ ክዳን አንስተው መቁረጥ ጀመሩ። እኔ እስላለሁ፣ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እርሳሱን እየተነጣጠቅን ምሳችንን ረሳነው። እንዲህ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ

ጋሽ ታደለ ራሳቸው እትዬ ብርቄ ቤት መጡ። ግድግዳው ላይ ሰቀልናትና ሶኬቱ ላይ ሰካናት። እትዬ ወዲያው ዳንቴላቸውን ከላይ አለበሷት። ከዚያ መጠበቅ። በየቀኑ የሚሄደው መብራት ዛሬ ወይ ፍንክች! መብራት እንዲጠፋ ስለት የሚሳል ሰው ሆንኩ። ቆጣሪው ጋ ላጥፋው ብላቸው ጋሽ ታደለ በራሱ ሲሄድ ካላየሁ አሉ።

መሸ። እትዬ የጎረቤት ሰርግ ወሬ ይዘዋል። ድንገት የፍሪጁ ድምፅ ዝም አለ። ክፍሉ ደብዘዝ አለና መልሶ ደመቀ። እትዬ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ጋሽ ታደለ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ሄዷል እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሄዷል።»

«ነገ ሞልዱን አስቆርጣለሁ» አሉ።

እትዬ ብርቄ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩና ምን ሆናችሁ፣ ልጨርስላችሁ እንጂ ብለው ቀጠሉ። ስለ ሰርጉ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም።