ሐሙስ የሚመጣው ውሃና የእርስዎ ፊርማ

በወልቂጤ የእንግዳ ማረፊያዎችን ንጽሕና መርምረው የምስክር ወረቀት ለሚፈርሙት ክቡር ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እጅዎም ከመፈረም የማይደክም ይሁን እያልኩ ከቡታጅራ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የቤተሰብዎን፣ የከብትዎን፣ የእንሰትዎን ደህንነት እጠይቃለሁ። የአፍንጫዎንም ጭምር፤ ባለፈው ቅዳሜ ካየሁት በኋላ ስለ እርሱ አብዝቼ ማሰቤ አልቀረም።

እኔ የሰባት ልጆች አያት ነኝ። የእንሴኖው ሸምሶ ደግሞ የሃምሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ባለቤቱ ሃፊዛ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመስጊድና ከጓሮው ሌላ እግሩ የረገጠው ቦታ የለም፣ ገበያ እንኳ ትቷል። ልጁ ባሂራ "አባባ፣ አባቴ ከሰው ጋር ማውራት እየረሳ ነው፤ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ" ብትለኝ፣ ቅዳሜና እሁድን ወልቂጤ ሄደን አብረን እንድናሳልፍ ለመንኩት። "ሚስቱን ቀብሮ ሊዝናና ሄደ ይሉኛል" ብሎ እምቢ አለ። "አንተን በዚህ ዕድሜህ ማን አይቶ ሊቀናብህ ነው፣ ተነስ!" እያልኩ ሦስት ሳምንት በነገር ስወጋው ከርሜ በመጨረሻ ሳቀ። ክቡር ሆይ፣ ያንን ሳቅ ለማግኘት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ይህን በማስታወሻዎ ይያዙልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማቀድ ሆነ ሥራችን። እኔ የክርስቲያን ሥጋ፣ እሱ የሙስሊም ሥጋ ስለምንበላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በየሳህናችን እንዳንለያይ ብለን ቆጮ በጎመንና በአይብ ከአንድ ሳህን ልንበላ ተስማማን። ይህን ለመወሰን ሁለት የሸበቱ ራሶች ሌላ ሦስት ሳምንት ሲመክሩ ስለ ውሃ ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። ሸምሶ ትራሱን ይዞ ልምጣ ሲል "የምንሄደው ከተማ ነው፣ ጫካ መሰለህ?" ብዬ ያስቀረሁትም እኔው ነኝ። የማረፊያውን ስም ለክብርዎ ስል አልጠራም፤ በሩ ላይ ግን "ንጽሕናው በመንግሥት የተረጋገጠ" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አምነን ገባን። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ አንሶላው አመሰግናለሁ። ከእኛ በፊት የተኙትን እንግዶች ሁሉ አስተዋውቆናል፤ የአንዱን ፀጉር፣ የሌላውን ወጥ፣ የሦስተኛውን የጫማ ኮቴ በግልጽ አይተናል። ነጭ ነበረ አሉ። ሸምሶ በከዘራው ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ትኋኖቹ በጠራራ ፀሐይ ወጥተው ተቀበሉን፤ በዚያ ቤት እንግዳ ለመቀበል ከመቀመጫቸው የተነሱ እነሱ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ብዙ አልልም፤ ይህን ደብዳቤ ምሳ ላይ ሆኖ የሚያነብ ይኖራል። ዕድሜ ልኬን ከከብት ጋር ኖሬያለሁ፣ በረት አይገርመኝም። እዚያ ግን ዝንብ ሲወጣ እንጂ ሲገባ አላየሁም።

ሦስተኛው ነው ያንገበገበኝ። የአሱር ሰላት ደርሶ ሸምሶ ከመስገዱ በፊት ለሚታጠበው ውዱእ ውሃ ቢጠይቅ፣ የማረፊያው ባለቤት "አባቴ፣ ውሃ እኮ ሐሙስ ነው የሚመጣው" አለው። ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ትንሽ ቆይቶ ከበርሜል ሥር የተጨለፈ ነገር በባልዲ አመጣ፤ ላዩ ላይ በረሮ ተንጋሎ ይንሳፈፋል። ሰውየው በጣቱ አንስቶ ወረወረና "ይኸው፣ ጸዳ!" አለ። በእርስዎ መሥሪያ ቤትም ምርመራው በዚሁ መንገድ እንደሚካሄድ እገምታለሁ። ሸምሶ ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። እስከ መናኸሪያ ድረስ እየቀለድኩ፣ እየተሳደብኩ ተከተልኩት። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ "ሀብቴ፣ ሃፊዛ ብትኖር ትራስህን ያዝ ትለኝ ነበር" አለኝ።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ግን በራሴ ላይ ስለሆነ እርስዎን አላደክምም።

ያ ቆጮ ሳይበላ ቀረ። ሸምሶም ተመልሶ በሩን ዘጋ። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ እንሴኖ ሄጄ ደጁ ላይ ጮኼያለሁ፤ ትናንት ከውስጥ ሆኖ "ያ የፈረመው ሰውዬ መጀመሪያ ይተኛበት፣ ከዚያ እመጣለሁ" አለኝ። በዓመት ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛው ተስፋ ይህ ስለሆነ፣ አንድ ሌሊት በዚያ አልጋ ላይ እንዲያድሩልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምንዎታለሁ። ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃ አለ ተብሏል። በሰላም ካነጉ ቅዳሜ እኛ እንመጣለን፤ ቆጮውንም ለሦስት እናዛለን።

በፊርማዎ ጥላ ሥር ለግማሽ ቀን ተቀምጬ የተነከስኩ፣ እስከ ዛሬም እያከክሁ የማከብርዎ፣
ሀብተጊዮርጊስ፣ ከቡታጅራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስክር ወረቀትዎ የት እንደተለጠፈ ምናልባት አያውቁ ይሆናል። የመጸዳጃ ቤቱን በር ቀዳዳ ሸፍኗል፤ ቁጢጥ ብዬ ስምዎን ከነማዕረግዎ አንብቤያለሁ። በዚያ ቤት ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በሩ ሳይጠገን እንዳያነሱት። ለማደር ሲሄዱም ትራስዎን ይያዙ፤ ምክሩ የሃፊዛ ነው።