ማሞቂያ ነው ተብሎ ስለተወሰደው ፕሪአምፕሊፋየሬ

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፈቃደ ወልደ ሚካኤል
በልደታ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል እያልሁ፣ ወገብዎም፣ ደም ግፊትዎም፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎም ደህና እንዲሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ጉልበትዎ፤ ባለፈው ጥቅምት አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ቤቴን ለመፈተሽ ያልሰሰቱት እሱን ስለሆነ ምስጋናዬ ከዚያው ይጀምራል።

ስሜ ሃይልኣብ ገብረሊባኖስ ይባላል። ይህን የምነግርዎ በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ «የአራተኛ ፎቁ ማሞቂያ ያለው ሰውዬ» ተብዬ ስለተመዘገብሁ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ቅጂ ክፍል ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ የምስክሮችን ቃል ከካሴት ወደ ወረቀት ስገለብጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ሳላስቀር መጻፍ ልማዴ ሆኗልና ደብዳቤው ቢረዝምብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለነዋሪው ሁሉ እንዲዳረስ አንዱን ቅጂ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌንም በአክብሮት አሳውቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፍተሻው። በጥቅምት ወር የሕንፃው ብሬከር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እየወደቀ መብራት ሲያጠፋብን፣ ኮሚቴው በድብቅ ማሞቂያ የሚጠቀም ነዋሪ አለ ብሎ ቤት ለቤት መውጣቱ ያስመሰግነዋል። ቅዳሜ ጥቅምት 16 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እርስዎ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ቦሰና እና ጥበቃችን ፋዮ በሬን ስታንኳኩ፣ ፕሪአምፕሊፋየሬን አብርቼ እስኪሞቅ እየጠበቅሁ ነበር። ዕቃው በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ዘመኑ ዕቃ ወዲያው አይነሣም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ካልሞቀ ድምፁ አይስተካከልም። አራቱ ቱቦዎች ብርቱካናማ ሆነው ደምቀው ነበር። እርስዎም ጠጋ ብለው መዳፍዎን ዘረጉ፣ ሞቀዎት፣ በቃ ነገሩ አለቀ። ይህ ከቴፑ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ አጥርቶ ወደ ማጉያው የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፣ የሚበላውም መብራት የአንድ አምፖል ያህል ነው እያልሁ ስለምናችሁ፣ ወይዘሮ ቦሰና «ባለ አራት ራስ ስውር ማሞቂያ» ብለው ጽፈው ጨርሰው ነበር። እባካችሁ አንዴ አረፍ ብላችሁ አድምጡት ብልም ሥራ እንዳለብዎ ነገሩኝ። እውነትም ሥራ ነበረብዎ፤ ዕቃዬን ፋዮን ማሸከም።

በዚያው ዕለት ምድር ወለል ላይ ያለው የእህትዎ ልጅ የወይዘሪት ናዝሬት የውበት ሳሎን ተፈትሾ፣ ሦስት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አንድ ላይ እየጮኸ፣ «ንጽሕናው የሚያስደስት» ተብሎ መመዝገቡን ሳነብ እኔም ተደስቻለሁ። ፕሪአምፕሊፋየሬ ከቤቴ ከወጣ ወዲህ ብሬከሩ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቋል። እሱንም የጣልኸው አንተ ነህ ካላችሁኝ እቀበላለሁ፤ ምን ይደረግ!

ሁለተኛ፤ ምን እንደወሰዱብኝ ስለማያውቁ ላስረዳዎ። ዕቃውን አሮጌዋን መኪናዬን ሸጬ ከገዛሁት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ስድስቱንም ዓመት ሳስተካክለው ኖሬአለሁ። ቱቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ካልተመጣጠኑ ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን ዘመድና ጎረቤት ሁሉ እየለመንሁ፣ በካልሲ ተጠቅልለው የመጡልኝን ቱቦዎች እየቀያየርሁ፣ አንዱን ጥንድ ሁለት ሁለት ሳምንት እያዳመጥሁ ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ይዣለሁ። የሠፈራችን መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል እስታቢላይዘር ገጠምሁለት። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ቱቦዎቹ እየተንቀጠቀጡ ያፏጩ ነበር፤ አብነት ሠፈር ጎማ የሚለጥፈው ማኑ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አራት ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝና ከዕቃው እግር ሥር ባደርጋቸው ፉጨቱ ጠፋ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግረው ማኑ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም ቆርጦ ሰጠኝ። እርስዎ አልሳቁብኝም፤ የወሰዱት ግን እርስዎ ነዎት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይሉ ይሆናል። ጆሮዬ እየሄደ ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር። ቀኙ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ግራው ምናልባት አንድ ዓመት ቢቀረው ነው ብላኛለች ሐኪሟ። ልደታ ማርያም ቆሜ ሳስቀድስ ጸናጽሉ ሲወዛወዝ አያለሁ እንጂ አልሰማም። ቤቴ ውስጥ ግን ከሃያ ዓመት በፊት እኔው ራሴ የቀዳሁትን ማህሌት በዚያ ፕሪአምፕሊፋየር ስከፍተው ይሰማኝ ነበር። ባለቤቴ ስህን አጠገቤ ትቀመጥና ጸናጽሉ በጮኸ ቁጥር ጣቷን ታነሣለች፤ እኔም መስማት አለመስማቴን እነግራታለሁ። ባለፈው መስከረም አዲሶቹን ቱቦዎች ካስገባሁ በኋላ ከአሥሩ ሰባቱን ሰማሁ። አላፍርም፣ አለቀስሁ። በወሩ እናንተ መጣችሁ። ዛሬ ሰባ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ለእርስዎ ሰባ ስድስት ቀን ምንም ላይሆን ይችላል፣ እኔ ግን ከቀረኝ ላይ ነው የሚቆረጥብኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ አያያዙ። በኅዳር ብርድ ኮሚቴው ለጥበቃው አዝኖ፣ የእኔን ዕቃ ጥበቃ ቤት ውስጥ ሰክቶ እንዲሞቅበት ፈቀደለት። ልባችሁ እንዴት ሩኅሩኅ ነው! ፋዮም የሻይ ብርጭቆውን ቱቦዎቹ አጠገብ አስጠግቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሻዩ ቀዘቀዘበት። ሐቀኛ ሰው ነውና ዕቃው አያሞቅም ብሎ ሪፖርት አደረገ። እሰይ፣ እውነቱ ወጣ ብዬ ስጠብቅ የኅዳር 20 ቃለ ጉባኤ እንዲህ አለ፦ «የተወረሰው ማሞቂያ ብልሽት ያለበት ሆኖ ተገኝቷል።» ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዬ አልፎ አያውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ፊርማው። አቤት ባልሁ ጊዜ ወይዘሮ ቦሰና አርባ ሰባት ፊርማ ያለበት ወረቀት አወጡ፤ ነዋሪው በሙሉ ማሞቂያው እንዲወረስ ጠይቋል ተባለ። ብሎካችን ውስጥ ወረቀት እንዴት እንደሚፈረም ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። በክር የታሰረ እስክሪብቶ አንጠልጥሎ ከምድር ይነሣል፤ ሰዉም የተጻፈውን ትቶ ከእሱ በፊት ማን እንደፈረመ ብቻ ያያል፤ ወይዘሮ ቦሰና ከፈረሙ ሁሉም ይፈርማል። በዚያ ሳምንት የውሃ ሮቶ ይገዛልን የሚል ወረቀት ይዞር ስለነበር፣ ከሥሩ የተያያዘውንም ሁሉም የሮቶው መስሎት ፈረመ። የሦስተኛ ፎቁ አቶ አብዱልመናን እንዲያውም ከፊርማቸው አጠገብ «ትልቁ ሮቶ ይሁን» ብለው ጽፈዋል። ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት ባለቤቴ ስህን ናት።

ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት እኔው ነኝ። የሰው ቃል አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ ስገለብጥ የኖርሁት ሰውዬ፣ ደረጃ ላይ የሽንኩርት ፌስታል አንጠልጥዬ፣ ሳላነብ በራሴ ላይ ፈርሜአለሁ። እዚህ ላይ ለራሴ የሚገባኝን ስድብ ለራሴ ሰጥቻለሁ፤ ስህንም ጨምራበታለች። የእኔ ጅልነት ግን የእናንተን ብልህነት አያሳንሰውም፤ ከሮቶው ሥር ማያያዝ ለማንም ተራ ሰው የሚመጣለት ሐሳብ አይደለም።

አምስተኛ፤ ስለ ስብሰባው። ጉዳዬን ለማየት ሦስት ጊዜ ተጠርታችሁ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ታኅሣሥ 24 ግን ሞላ፤ ወይዘሮ ቦሰናም ስልክ አራት ጊዜ ደወሉልኝ። ስህን ለገና ገበያ ወጥታ ነበር። ስልኩ ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እኔም ጋዜጣ እያነበብሁ ነበር፣ አልሰማሁትም። ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ «ባለጉዳዩ በተደጋጋሚ ተጠርተው ለመቅረብ ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃዬን ይመልሱልኝ። ይቅርታ ጠይቁኝ አልልም፣ ካሳም አልፈልግም፣ ቃለ ጉባኤውም አይታረም፤ ማሞቂያ ተብሎ ይመለስ፣ የተበላሸ ማሞቂያ ተብሎም ይመለስ፣ ብቻ ይመለስ። ከፈለጉ ወረቀት ያዙሩ፤ እኔ ራሴ አንደኛ ሆኜ እፈርማለሁ፣ አንብቤ።

ነዋሪውን ከመስታወት ቱቦዎች አደጋ ለመጠበቅ ሳይታክቱ የሚወጡ የሚወርዱ እግሮችዎን፣ ሙቀትና ድምፅን በመዳፍ ብቻ የሚለዩ እጆችዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ እየተመኘሁ፣ ከትልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት
ሃይልኣብ ገብረሊባኖስ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ቦሰና፤ ከሌላ ወረቀት ጋር ሳይያያዝ
ለናዝሬት የውበት ሳሎን ደንበኞች፤ መብራት እስኪመለስ ካስክ ሥር ተቀምጠው እንዲያነቡት
ለፋዮ፤ ከምስጋና ጋር

ማስታወሻ፦ የምቸኩልበት አንድ የግል ምክንያት አለኝ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ጆሮ የሚሄደው በተራ ነው፤ መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሄዳል፣ ወፎቹ፣ የስልኩ ጥሪ፣ ቀጥሎም የሴት ድምፅ፣ ማለትም ስህን። ወፍራም ድምፅ እስከ መጨረሻው ይቆያል። የእርስዎ ድምፅ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ምድር ላይ ቆመው ሲናገሩ እስከ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።