መታወቂያዬና ፓስፖርትሽ

ልጄ አሪፋ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ በረካ ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእንጦጦ ብርድ ብቻ ጉልበቴን ይዞኛል።

ታናሽሽ ጀና ለሥነ ዜጋ ፈተና ስታጠና፣ እኔም ምስር እየለቀምኩ ስለ መንግሥት ተማርኩ፤ አገልግሎት ለካ መብታችን እንጂ ችሮታ አይደለም። ድሮ የወረዳዋን ሠራተኛ፣ ከኪሷ አውጥታ የሰጠችኝ ይመስል እመርቃት ነበር። ባለፈው መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ "ነገ ይመለሱ" ስባል ግን፣ "ለምን?" አልኩ። እዚያው ተሠራልኝ!

መታወቂያዬን ቦርሳዬ ስከት ፓስፖርትሽ ትዝ አለኝ። እዚያ ዓረብ አገር አሠሪሽ ማዳም "ላስቀምጥልሽ" ብላ የወሰደችው ጊዜ፣ እኔ ሞኟ እሷንም መርቄያት ነበር። ለጀና ብነግራት፣ "እንዴ እማዬ፣ ፓስፖርቱ የአሪፋ አይደል?" አለችኝ።

እንድትመልስልሽ በደግ ቃል ጠይቂያት፤ አላህ ልቧን ያራራልሽ፣ እኛንም በሰላም ያገናኘን። ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኪልኝ፣ ፓስፖርትሽን በእጅሽ ይዘሽ ተነሺ።

እናትሽ