የውኃ ማኅበርተኞች

ጥቅምት 9 ቀን 1930

ዝናቡ ለቀቀ መሰለኝ። ካፖርት ስጠግን ዋልኩ። መርፌዋ ደጋግማ ወጋችኝ።

ጠዋት ሚስቴ ሰርኬ ፊቷን አዞረችብኝ። በኋላ ግን፣ «ትናንት ዋጋነሽ አረቄ ቤት ምን ስታወራ አመሸህ?» አለችኝ። ምን አወራሁ? እኔ እንጃ! «አንዲት መለኪያ» ብዬ ነው የገባሁት... እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ እንኳ አላውቅም።

ወንድሟ ኃይለመስቀል ከአርበኞቹ ጋር ሲዋጋ ጭኑን ተመትቶ እኛ ጓዳ ውስጥ፣ ከጤፍ ጎታው ኋላ ተኝቷል። ጣልያን ቢሰማ ሦስታችንንም ይሰቅለናል። «ወንድሜ ከጥይት ተርፎ በአንተ ምላስ ሊሞት ነው» አለችኝ ሚስቴ። እውነቷን ነው።

ጥቅምት 11

አልቀመስኩም። ላቤ ይንቆረቆራል። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል... የለም፣ ምንም የለም።

የነፍስ አባቴ አባ ገብረአምላክ ጋ ሄድኩ። «አባ፣ ይገዝቱኝ» አልኳቸው። እምቢ አሉ።

«ግዝቱን ስትጥስ ሌላ ኃጢአት ይሆንብሃል። ይልቅ ወደ አስኮ መሄጃው ላይ፣ መሸሻ ቤት ሂድ። መጠጥ የተዉ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበር ይጠጣሉ።»

«መጠጥ ከተዉ ምኑን ይጠጡታል?»

«ውኃ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጥቅምት 13

መሸሻ በር ድረስ ሄድኩ። ከውስጥ ሳል ተሰማ። ማን ይሆን? ቢያውቀኝስ? ሰካራም ነው ሊሉኝ አይደል? (አይደለሁም እንዴ?) ተመለስኩ። ዋጋነሽ ቤት ተገኘሁ። ወይ እኔ!

ጥቅምት 20

ገባሁ። ሰርኬ እንደ ሌባ እጄን ይዛ በሩ ድረስ አደረሰችኝ።

ጥቂት ናቸው። አቶ መሸሻ ድሮ በአጋሰስ ጅማ ድረስ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩሰው ደግሞ አረቄ ያወጡ ነበር፤ ያወጡትንም ራሳቸው ይጨርሱት ነበር። ጸሎት ተደረገ፣ ጽዋው ዞረ። እንደ ማንኛውም ማኅበር ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የምንጭ ውኃ። ጽዋውን የያዘው ሰው የሳምንቱን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። መምከር ክልክል ነው።

ወይዘሮ ጥሩሰው፣ «የጎረቤት አረቄ ሸተተኝ። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልሳቀም።

እኔ ጋ ሲደርስ ተጎንጭቼ አሳለፍኩት።

«ዝም ማለትም ይቻላል፣ ልጄ» አሉኝ አቶ መሸሻ።

ጥቅምት 28

እንደምንም ልጻፈው።

ትናንት ማኅበሩ ላይ እንዳለን አንድ ባንዳ የጣልያን ፖሊስ፣ ካራቢኜሪ አስከትሎ ዘው አለ። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ሰው መሰብሰቡ ራሱ ወንጀል ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማኅበር እየጠጣን ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ መሸሻ።

ባንዳው ጽዋውን አንስቶ አሸተተ። «ውኃ? ማኅበር በውኃ? ማንን ልታሞኙ ነው! አድማ ነው የምትመክሩት!» በተሰባበረ ጣልያንኛ ለነጩ ነገረው። ነጩ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ማን ያምነናል? እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሰማ ስቄ የለ!

ባንዳው ከጎረቤት አረቄ አስመጣና ጽዋው ውስጥ ገለበጠው። «ማኅበርተኛ ከሆናችሁ ጠጡ!»

አቶ መሸሻ ጠጡ። ወይዘሮ ጥሩሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ከዚያ እኔ ጋ ደረሰ። ፈርቼ ነው የጠጣሁት? ለራሴም ልዋሽ? ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የጨለጥኩት።

እነሱ እየሳቁ ሄዱ። ማኅበርተኞቹ ጓሮ ወጥተው ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተው አስመለሱት። እኔ ዋጋነሽ ቤት ሄድኩ።

ዛሬ ስነቃ ጓዳው ባዶ ነው። ኃይለመስቀል የለም! «ወሰዱት?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለች ሰርኬ። «ልወስድህ ስመጣ ባንዳው ከመሸሻ ቤት ሲወጣ አየሁ። ከዚያ አንተ ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቶኝ ነው?»

«የት ወሰድሽው?»

«ለአንተ? አልነግርህም።»

ባሏ ነኝ እኮ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ትናንትስ ምን አውርቼ ይሆን? ማንን ልጠይቅ? መጠየቁስ ራሱ መናገር አይደል?

ጥቅምት 30

የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መጡ እላለሁ። አልመጡም። ምናለ ሞቼ ባረፍኩ።

ኅዳር 11

አልሄድም ብዬ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሰው ራሳቸው መጥተው ጎትተው ወሰዱኝ። አሁን የምንሰበሰበው እሳቸው ቤት ነው። መሀል ወለሉ ላይ አንድ ጋን ጠላ ተቀምጧል፤ ባንዳ ቢመጣ እንዲያየው። መጠጥ የተውነው ሰዎች ጠላ ከበን ተቀመጥን! ማንም አይነካውም። ሽታው ግን... አምላኬ! ሽታው!

የውኃው ጽዋ ደረሰኝ። ድምፄ ሲወጣ የእኔ አልመስልህ አለኝ።

«ያን ለት እናንተ ተገዳችሁ ጠጣችሁ። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የጠጣሁት።»

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አቶ መሸሻ አቀርቅረው፣ «እኔም» አሉ።

ኅዳር 25

ሄድኩ። አልቀመስኩም። ሌሊት ሌሊት እቃዣለሁ። ሰርኬ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትተኛው።

ታኅሣሥ 17

ዋጋነሽ ከደጃፏ ሆና፣ «ምነው ጠፋህሳ!» አለችኝ። ቆምኩ። ኧረ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ።

ቤት ስገባ ሰርኬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አልጠየቅኋትም። መጠየቁን ትቻለሁ፤ ባላውቅ ይሻላል። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ራሷ ነገረችኝ። የኃይለመስቀል ቁስል ሽሯል። ማን ቤት እንደሰነበተ፣ ከከተማው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እዚህ አልጽፈውም።