የጌም ብሎጌና የጉምቦዋ አንባቢ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10/2005 ዓ.ም.፣ ከሰዓት

ጄኔሬተሩ ደግሞ ጠፋ። የጻፍኩት ግማሹ አብሮት ሄደ። እንደገና ከ«ሰላም ለእናንተ» ጀመርኩ። እነማን ናችሁ «እናንተ»? እስካሁን ብሎጉን የሚከፍተው እኔው ነኝ። የጎብኚው ቁጥር ሲጨምር ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ራሴ መሆኔ ትዝ ይለኛል።

የመንገድ ሥራ ካምፑ ጭር ብሏል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ኳስ ሊያዩ ከተማ ወርደዋል፣ ሐበሻ ሆቴል። ጠርተውኝ ነበር። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራው ይሄ ነው፦ ስለ ቪዲዮ ጌም በአማርኛ መጻፍ። ያውም ከጁባ፣ ከሎሎጎ ሰፈር፣ ከኮንቴይነር ቤት። ሳስበው ያስቀኛል። የሚስቅ ሌላ ሰው ግን አጠገቤ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጠዋት ዝናብ። ከዚያ ጭቃ፣ ቅየሳ፣ ጭቃ። በምሳ ሰዓት ጋሽ ተፈራ፣ የሳይቱ ኃላፊ፣ ላፕቶፔን አየብኝ። ምንድነው አለኝ። ከተማ መገንቢያ ጌም ነው አልኩት፤ መንገድ ትቀይሳለህ፣ ውኃ ታስገባለህ፣ ሰው እየመጣ ይሰፍራል። ቀን ስትሠራ የዋልከውን ማታ ደግሞ በነጻ ትሠራዋለህ ብሎ ሳቀ። በዚህ ጊዜህ ማስተርስህን ብትማር አለኝ። በክፋት አይደለም።

ያልነገርኩት ነገር፦ ጌሙ ላይ ከተማው ሲሞላ ሰዎቹ ሰገነት ላይ ወጥተው እጃቸውን ያውለበልባሉ። እዚህ መንገዱ ሲያልቅ እኛ ዕቃችንን ጭነን ወደ ሌላ ካምፕ ነው። ማን እንደሠራው የሚጠይቅም የለ።

እሁድ፣ ጥቅምት 18

አስተያየት ገባ። አንድ። ስሟ «ኒያ»።

ስለ ጌሙ ድልድይ የጻፍከው ላይ ተሳስተሃል ትላለች። ወደቡን ሳትሠራም ይከፈታል፤ ገበያውን ወደ ወንዙ አስጠጋውና እየው። ሞከርኩት። ልክ ናት። ድልድዩ ተከፈተ፣ ሰው ከወዲያ ማዶ ይጎርፍ ጀመር። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

በየቀኑ እንጻጻፋለን። ፈጣን ናት፣ ቀልደኛ፣ የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ። በሐሳቤ ገርጂ አስቀምጫታለሁ፤ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ካፌ፣ ማኪያቶ፣ ጓደኞች።

ዛሬ ለምን ዘገየሽ አልኳት። ዝናብ ስለነበረ ቦዳው በድልድዩ ወደ ጉምቦ አላሻግርም ብሎኝ ነው አለች። ሁለቴ አነበብኩት። ቦዳ፣ የጁባ ሞተር ታክሲ። ጉምቦ፣ የማዶው ሰፈር። እዚሁ ጁባ ናት። ከእኔ የሚለያት አንድ ወንዝ ነው።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ተመለስኩ። እንገናኝ ብዬ ጻፍኩላት።

እሁድ፣ ጥቅምት 25፣ አመሻሽ

ንያኩሮን፣ የባህል ማዕከሉ ግቢ ተገናኘን። ፈልጌ አጣኋት፤ ሐበሻ ነበር የምፈልገው። በስሜ የጠራችኝ በአንድ ራስ የምትበልጠኝ ረዥም ሴት ናት። ሙሉ ስሟ ኒያኪም። ኑዌር ናት፣ አዲስ አበባ ያደገች። ከደቡብ ሱዳን ነጻነት በኋላ ከአጎቷ ቤተሰብ ጋር ተመለሰች፤ አሁን አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። መደንገጤ ፊቴ ላይ ታይቷል መሰለኝ፣ ሳቀችብኝ። አፈርኩ።

ለስላሳ ይዘን ተቀመጥን። በጁባ ዓረብኛዋ ገበያ ላይ እንደሚስቁባት ነገረችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አዲስ አበባ እያለሁ አገርሽ የት ነው ይሉኝ ነበር» አለች። «አገሬ ገባሁ፤ እዚህም እንደዚያው ይሉኛል።»

 የቀረውን ለስላሳ ቀዳሁላት። ብሎጉ ላይ እኔም ልጻፍ ወይ አለችኝ። ሳትጨርስ እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

የኒያ ጽሑፍ ወጣ። ስለ አዲስ አበባ ሰፈሯ ጌም ቤት። ሕጉ የተሸነፈ ይነሳል ነው። ከወንዶቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ፤ ጆይስቲክ የሚሰጣት አጥታ ክረምቱን ሙሉ ከኋላ ቆማ አየች። አንድ ቅዳሜ ሰው ጎደለና አስቀመጧት። ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ከወንበሩ አልተነሳችም፤ የሚያስነሳት ጠፋ። ከታች በሙሉ ስሟ ፈርማለች።

ብሎጉ ላይ ከወጣው ሁሉ ይበልጣል። ትንሽ ቀናሁ። አንባቢ ግን እየጎረፈ ነው፣ አንዱ ለሌላው እያስተላለፈው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

አስተያየቱ በዛ። መጀመሪያ ምስጋና ነበር፣ ከዚያ ሌላ ሆነ። አንዱ ስምሽ የኛ አይደለም፣ ማን ጻፈልሽ ይላል። አንዱ ስለ ቀለሟ። የባሰም አለ፣ እዚህ አልገለብጠውም።

መጀመሪያ ያየሁት ቅዳሜ ነው፣ ሳይት ላይ፣ በስልኬ። መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ሌላ አንባቢ ይመልስላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመለሰም። ኒያም ድምፅዋ የለም። ስልኳ ዝግ።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ቦዳ ይዤ ተሻገርኩ። የክሊኒኩ ዘበኛ ቤታቸውን አሳየኝ። በአጎቷ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ልብስ እያጠበች ነበር። ወንበር አመጣችልኝ፤ እሷ ማጠቧን ቀጠለች። ስለ ስድቡ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አልኳት።

«ስድቡ አዲስ አይደለም፤ ሰፈርም ስሰማው ነው ያደግኩት» አለች። «እነሱን አላውቃቸውም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። አንብበህ ዝም አልክ።»

«ኔትወርኩ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኔትወርክ ነበረ።»

«ነበረ» አልኩ። «ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።»

«ቢጠፋህም አጠገቤ መሆን ትችል ነበር።»

የአጎቷ ሚስት ሻይ አቀረቡልን። በጁባ ዓረብኛ ኢታ ኬፍ፣ እንዴት ነህ፣ አሉኝ፤ ደህና ነኝ አልኩ በአማርኛ፤ ኒያ አስተረጎመችልኝ። ያን ያህል ተናዳም ታስተረጉምልኛለች። ልነሳ ስል እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ፍላሽ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ጽሑፏ። ካወጣኸው ከአጠገቡ ዞር እንዳትል አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። አልሸኘችኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15፣ ረፋድ

ስድቦቹን በሙሉ ከብሎጉ ሰረዝኳቸው። እስከ ዛሬ ምን ይዞኝ ነበር?

ልጆቹ ዓሣ ሊበሉ ወንዝ ዳር ሄዱ። ዛሬ ሥራ አለብኝ አላልኩም፤ ስለ ብሎጉና ስለ ኒያ እውነቱን ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራ ወደ ኋላ ቀረ። ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ የኒያን አዲሱን ጽሑፍ አነበበው፣ እስከ መጨረሻው። ጥሩ ትጽፋለች፣ አለና መነጽሩን አውልቆ ወጣ።

አራት ሰዓት ላይ ብሎጉ ላይ ለቀቅሁት። ወዲያ ማዶ እሷም ከፍታ እያየች ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። አልጠየቅኋትም።

የመጀመሪያው አስተያየት ገባ። ያው ነገር፣ ስሟን ይዞ።  መልሱን ጀምሬያለሁ። «ወንድሜ፣ ይህ ቤት የእሷም ነው» ብያለሁ። ቀጥሎ ምን እንደምል አላውቅም፣ ቢሆንም እልከዋለሁ። ሌላም ገባ። ይቅርታ ማስታወሻዬ፣ አሁን ካንተ ጋር መቀመጥ አልችልም፣ እዚያ ብሎጉ ላይ እፈለጋለሁ።