የጥሬው ኩባያ ልክ

ይድረስ ለምወድሽና ለምቀናብሽ ታላቅ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽ፣ የሸክላ ሥራ ትምህርትሽ፣ ያቺ ስታስነጥስ መስኮት የምታንቀጠቅጠው የክፍል ጓደኛሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷን ያማታል፤ ዝናቡ ግን ጉልበቷን አምኖ መጥቶ አያውቅም። ወደ አባባ በኋላ እመለሳለሁ። እኔን ከጠየቅሽኝ (ሁልጊዜ የምትጠይቂኝ መጨረሻ ላይ ነው) ሰውነቴ ደህና ነው፤ ህሊናዬ ውስጥ ግን ቁንጫ ገብቷል።

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። ተቀመጪ፤ እጅሽ ላይ የሚወረወር ነገር ካለም አስቀምጪው።

የሸክላ ፋብሪካችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ታሪኩ በመጽሐፍ ይውጣ ማለቱን ታውቂያለሽ። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴ ማለት አያታችን አባባ፣ ሰው ሁሉ «ዕቃ ቤቱ» የሚለው ጡረተኛው የዕቃ ቤት ኃላፊና እኔ ነን። እኔ የገባሁት ጽሕፈቴ ስለሚነበብ እንጂ ሐሳብ ስላለኝ አይደለም፤ ይህንንም ሳያፍሩ ፊት ለፊት ነግረውኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአሮጌው የቅርፅ ክፍል እንሰበሰባለን። መደርደሪያው ላይ የጀሶ ቅርፆች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ከኮሚቴው አባላት የሚለዩት ዝም በማለታቸው ብቻ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ የተጨቃጨቁት የመጀመሪያውን እቶን ማን ለኮሰው በሚል ነው። ዕቃ ቤቱ ክብሪቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ፊርማዬ አለ ይላል። አባባ ደግሞ ክብሪት ማውጣት እሳት ማንደድ ከሆነማ በል እንግዲህ ፋብሪካውም ያንተ ነው፣ ቁልፉን ተረከብ ይለዋል። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ሁለቱንም እሰርዛለሁ።

ቀጥሎ ፋብሪካው ሲያመርተው የኖረው የሽንት ቤት መቀመጫ ጣጣ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ያ ቃል በመጽሐፉ እንዳይገባ፣ «የንፅህና ዕቃ» በሉት ብሎ አዘዘ። ዕቃ ቤቱ ብድግ አለ። ሃያ ዓመት ልጆቻችንን ያሳደግነው በእሱ ነው፣ ዛሬ ሊታፈርበት ነው እንዴ ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። እኔም ለማስታረቅ ብዬ «ፋብሪካችን ለሃያ ዓመታት የአካባቢውን ሕዝብ በክብር አስቀምጧል» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ግሩም ነው አለ።

አሁን ወደ ቁንጫው ልምጣ።

ፋብሪካው ከመቀመጫውና ከውኃ ቱቦው በፊት፣ ገና መሥራቹ ባለጢሙ ሰውዬ በሕይወት እያለ፣ የሚታወቀው በአረንጓዴ ኩባያ ነበር። አባባ የቀባው ያ አረንጓዴ! የተነከረ ቅጠል የሚመስለውን ማለቴ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለበዓሉ ያንን ቅብ እንመልሰው አለ። ልኩን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባባም እሺ፣ አጽፋለሁ አለ። እኔ አጠገቡ ነኝ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ወረቀት ዘርግቻለሁ። ጉሮሮውን ጠርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? ለከተማዋ ልጄ ጻፊላት፣ እሷ ነገሩ ይገባታል አለኝ።

ይገባታል! አራት ዓመት የእግሩን ጥፍር የምቆርጠው እኔ፣ ነገሩ የሚገባሽ አንቺ። የአንቺን ደብዳቤ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ያኖራል። የእኔን የፈተና ውጤት የዝንብ መግደያ አድርጎታል (ለነገሩ ውጤቱም ከዚያ በላይ አያገለግልም)። እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ከተማ ነው የምትማረው» ይላል፤ ከዚያ እኔን አይቶ «ይቺም አለች» ይላል። ይቺም አለች! እንደ በርጩማ።

ታዲያ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። አሥር ኪሎ የነጭ ድንጋይ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ የመዳብ ዝገት፣ ሠላሳ ኩባያ የባቄላ አገዳ አመድ። ከዚያ «ታዲያ በጥሬው ኩባያ ነው» አለ። ባለጢሙ «የተቃጠለ ኩባያ ዕቃ ነው፣ አትንኩብኝ፤ ያልተቃጠለው ጭቃ ነው፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት» ይል ስለነበር አመድ የሚሰፈረው ገና እቶን ባልገባ ኩባያ ነበር አሉ። ሸክላ እሳት ሲያይ እንደሚኮማተር ለአንቺ አልነግርሽም፤ ነገሩ ይገባሻል።

እኔ «ሠላሳ ኩባያ አመድ» ብዬ አራት ነጥብ አደረግሁ። ጥሬ የምትለዋን አልጻፍኳትም። አባባ ዓይኑ እንደምታውቂው ነውና አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት፤ ያልጻፍኩትንም ጨምሬ አነበብኩለት።

ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ በኮሌጃችሁ እቶን ሞክረሽ ቅቡ እንደ ኤሊ ቆዳ ደረቅ ብሎ የወጣብሽ አንቺ ስላልቻልሽ አይደለም፤ አባባም ስለተሳሳተ አይደለም። አመዱ ከሦስት እጅ አንዱ ጎድሎ ነው። አጉዳይዋ እኔ ነኝ።

አልሆነልኝም የሚለው ደብዳቤሽ ሲመጣ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ጓሮ ሄጄ ዘልያለሁ። እሷም አልገባትም! እያልኩ። ደስታዬ የቆየው እስከ ሐሙስ ስብሰባ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለእሱ የጻፍሽለትን ኮሚቴው ፊት አነበበው። «አያታችን ዕድሜያቸው ስለገፋ ምናልባት ልኩን ዘንግተውት ይሆናል» ብለሽ በትህትና የጻፍሽውን። ከዚያም ስለ አረንጓዴው ቅብ የሚያወራው ገጽ «ቅቡ የመሥራቹ ፈጠራ ነው፣ ምስጢሩም አብሯቸው ተቀብሯል» ተብሎ ይስተካከል አለ። አባባ በረዳትነት ይጠቀሳል።

እኔ አሁን ጦርነት ሊነሳ ነው ብዬ ወንበሬን አሸሸሁ። ስለ አንድ ክብሪት ሁለት ወር የተከራከረው አባባ ግን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «ይሆናል» አለ። በቃ። ዕቃ ቤቱ እንኳ ደንግጦ አንተ፣ ምነው፣ አመመህ እንዴ አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን ማመን ተወ። ምሳ በልቻለሁ ወይ ብሎ እማዬን ይጠይቃል። ከግቢ ወጥቶ በሩን ቆልፌያለሁ ወይ እያለ ይመለሳል። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «እኔ እኮ ሠላሳ ነው የሚመስለኝ፤ ሃያ ይሆን እንዴ?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔን፣ እንደ ሊቅ! ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር እንዲጠይቀኝ ስመኝ ኖሬ፣ ሲጠይቀኝ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነገርኩት። ግቢ ውስጥ ያቺ ስንጥቅ ናት ተብላ የተጣለች የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ፣ ዙፋኑ ላይ ማለቴ ነው፣ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ከምርኩዙ ሁለት ክንድ ራቅ ብዬ ቆምኩና ሁሉንም ዘከዘክኩት። ቅናቴን ጭምር። ምርኩዙ አልተነሳም። ፊቱን ቀና አድርጎ «እንግዲያ አልረሳሁም ማለት ነው?» አለ። አልረሳህም አባባ አልኩት። ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ እየጎተተኝ ወደ ዕቃ ቤቱ ሰውዬ ቤት ደጃፍ ሄደና «አንተ ሽማግሌ! በጥሬው ኩባያ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዕቃ ቤቱም ታዲያ በሌላ ነው ያለህ ማን ነው፣ ጥሬ ኩባያ ዕቃ ስላልሆነ እኮ ነው መዝገቤ ላይ የሌለው ብሎ መለሰለት። እንደ ልጆች ተቃቀፉ። እኔን ማንም አልተቆጣኝም፤ ይሄ ደግሞ ከመገረፍ ይብሳል።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄጄ ለእሱም ተናዘዝኩ። ከኮሚቴው አባረረኝ። አሁን ጸሐፊው ዕቃ ቤቱ ነው፤ የፋብሪካችን ታሪክ ከእንግዲህ ለማንም አይነበብም። ግን ገጹን አስቁሞልኛል፤ ኩባያው አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ የአባባ ስም ይገባል ብሏል። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚጠብቀው። ጥሬ ኩባያ መንገድ ላይ ተሰብሮ ዱቄት ስለሚሆን አልላክሁልሽም፤ ጥሬውንና የተቃጠለውን በአሸዋ ሰፍሬ አመሳክሬያቸዋለሁ። አንቺ ጋ ባለችው በተቃጠለችው የቤታችን ኩባያ አርባ አምስት አድርጊው። አርባ አምስት። ይኸው ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አባባ ቁርሱን እየበላ ቅቡን ምን አበላሸው አሉ ብሎ ጠየቀኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እንደገና ነገርኩት። «እንግዲያ አልረሳሁም ማለት ነው?» አለ፤ ያንኑ ሳቅ ሳቀ፤ ለዕቃ ቤቱ ልንገረው ብሎ ምርኩዙን አነሳ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ። አንድ ጊዜ የሠራሁትን ጥፋት አራት ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ አራት ጊዜም ይቅር ተብያለሁ። ዕቃ ቤቱ በየቀኑ በሩን ከፍቶ አዲስ እንደሰማ ይደነግጥለታል። ለእማዬ አልነገርናትም፤ እሷም አላወቅሁም ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በአንቺ ስም ጠራኝ። እኔ እሷ አይደለሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ብታዪው! እኔን እንዲህ በርቶ አይቶኝ አያውቅም። መቼ ገባሽ አለኝ። አሁን ገና አባባ አልኩት። አጠገቡ አስቀመጠኝና ወሬ ጀመረ። ታናሽሽ ላንቺ ስላጻፍኩልሽ አኩርፋለች፣ የዋህ ናት አለኝ። «ለእሷ ምን ይጻፍላታል፣ አጠገቤ አይደለች?» አለኝ።

ወረቀት የሚላከው ለራቀ ሰው ነው ለካ።

ፈተናሽ እንዳለቀ ነይ፤ አትቆዪ። ስትመጪ ምናልባት በእኔ ስም ይጠራሽ ይሆናል። አደራሽን፣ አቤት በዪው። ያኔ ስለ አንቺ የሚያወራውን ትሰሚያለሽ፤ እኔ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅና፤ እቶንሽን ያሙቅልሽ፤ ጓደኛሽንም ከማስነጠስ ይገላግላት። እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች። አባባ ከከተማ መጥተሽ እዚሁ ያለሽ ስለሚመስለው ሰላምታ አልላከም።

ይቺም ያለችው፣
ታናሽ እህትሽ