እህትህ የተከለችው ሰማያዊ አበባ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ ያየህ ሁሉ ይውደድህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

እህትህ መስኮቷ ሥር የተከለችው ሰማያዊ አበባ፣ ያ በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው፣ ዘንድሮ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ከሞተች ወዲህ አባትህ ወደዚያ ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ አመሻሽ ላይ ተደብቄ የማጠጣው። ጠዋት ግን አፈሩን እንደ አዲስ ጭቃ ሆኖ ሳገኘው ፍርሃት ያዘኝ። እሷ ትሆን እንዴ ብዬ ክፍሏን ሳይቀር ከፍቼ አየሁ፤ አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ድምፅ ሰምቼ በመስኮቷ ባጮልቅ፣ አባትህ ውሃ ማጠጫውን ይዞ አጎንብሷል። «ጠጪ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ሳትነቃ» ይላል። በቀብሯ ቀን እንባ ያልወጣው ሰው!

ወጥቼ «ሁለታችንም እያጠጣን ልናሰጥማት ነው እኮ» አልኩት። ቆፍረን ስናየው የሥሩ ግማሽ በስብሷል። ደህናውን ለይተን ደረቅ ቦታ ተከልነው፤ ይያዝ አይያዝ ገና አላወቅንም።

እሱ ግን አሁንም ስሟን አይጠራም፤ እኔም አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ስትደውል፣ እባክህ ልጄ፣ አንተ ጥራልን። ዓይንህን ሳላይ አይውሰደኝ።

እናትህ